የሙሉዬ ገንዳ

ግንበኛው ሰንበታ ስለ ዕቃ ማጠቢያ ሲናገር ክርክር አይወድም። ወለንጪቲ ተወልዶ ናዝሬት ያረጀ ሰው ነው፤ በሠፈራችን ካሉት ማድ ቤቶች ግማሹን የሠራው እሱ ነው። በእሱ ሕግ ማጠቢያ ከመስኮት ሥር ይቀመጣል፤ የምታጥበው ሴት ብርሃንም ነፋስም ታገኛለች። ያደፈው ዕቃ ከቀኟ ይቆለላል፣ የታጠበው ከግራዋ ይንጠፈጠፋል። ከፍታው ከዳሌዋ በታች ከሆነ ገና በአርባ ዓመቷ ወገቤን ማለት ትጀምራለች። ስፋቱ ደግሞ አንድ ትሪ ጋደም ብሎ ከገባበት በቃ፤ ከዚያ በላይ ውሃ ማባከን ነው። ይህን ሁሉ ለሙሉዬ ማድ ቤቷ ውስጥ ቆሞ ሲያስረዳት፣ እሷ በልብስ ሰፊ ጠመኔዋ ወለሉ ላይ ያሠመረችውን ትልቅ አራት ማዕዘን በጎሪጥ እያየ ነበር።

መሥመሩ ከሰንበታ ሕግ አንዱንም አልጠበቀም። ከመስኮቱ ርቆ፣ ጨለማው ግድግዳ ሥር ነው። ከፍታው እስከ ጉልበት ብቻ ይሁን ብላለች። ርዝመቱ ሰው ያስተኛል።

“ስንት ሰሃን አለሽ ሙሉዬ?” አላት።

“ስድስት።”

“ስንት ሰው ይበላባቸዋል?”

“እኔና ልጄ።”

“ሁለት ሰው! ታዲያ በዚህ ምን ልታጥቢበት ነው? በሬ?” ወደ እኔ ዞረ። “ጋሽ ገብረወልድ፣ እስኪ እርስዎ ይንገሯት። ማጠቢያ በልክ ነው የሚሠራው። ነገ ሰው ‘ይኼን ጉድ የሠራው ማነው’ ሲል የሚነሣው የእኔ ስም ነው።”

“ጨርቅ ልነክርበት ነው” አለች ሙሉዬ። “አቡጀዲ ሳይነከር ከተሰፋ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል። ደንበኞቼ ሁሉ ተጣሉኝ እኮ።”

ምክንያቱ እውነት ይመስላል፤ ሙሉዬ በሠፈሩ የታወቀች ልብስ ሰፊ ናት። እኔም አምኛት ሰንበታን “የጠየቀችህን ሥራላት፣ ምን አስጨነቀህ” አልኩት። ሜትሩን ከወዲያኛው ጫፍ ይዤ ያስለካሁትም እኔ ነበርኩ። ሲሚንቶ በቀበሌ ወረቀት ብቻ በሚገኝበት በዚያ ዘመን፣ በምሠራበት ባቡር ጣቢያ ግምጃ ቤት ያለውን ጓደኛዬን ደጅ ጠንቼ ያመጣሁላትም እኔ ነኝ። ለምን እንደሆነ ባውቅ ኖሮ አንዲት ጭብጥ አላመጣም ነበር።

የእኔና የሙሉዬ ነገር እንዲህ ነው። አጥር ለአጥር ነን። ባሏ ፈይሳ የአቦምሳ ሰው፣ በአሰብ መንገድ ከባድ መኪና የሚነዳ ሾፌር ነበር፤ እሷ ከሰሜን ሸዋ የመጣች የቄስ የልጅ ልጅ ናት። አንድ ልጃቸው ብዙነህ አርባ ቀን ሲሞላው ፈይሳ አሰብ ነበር፤ ሙሉዬን ደግሞ ወባ አንቀጥቅጦ አልጋ ላይ ጥሏታል። ቀኑ አይተላለፍ ነገር። ባለቤቴ መሰለች ሕፃኑን በነጠላ ጠቅልላ ታቀፈችው፣ እኔ ከጎኗ ሄድኩ፣ ክርስትና አነሣሁት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሙሉዬ በስሜ ጠርታኝ አታውቅም፤ “አበልጄ” ነበር የምትለኝ። አበልጅ ማለት የልጁን አባትነት ከወላጁ ጋር የተካፈለ ሰው ማለት ነው። ለእኔና ለመሰለች እግዚአብሔር የራሳችንን ልጅ አልሰጠንምና ያን ስም ስሰማ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ብዙነህ ገና ፊደል ሲቆጥር ፈይሳ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። እኛ ኦርቶዶክሶቹ ድንኳን ጥለን፣ አልቅሰን፣ ንፍሮ በልተን፣ ተዝካር አውጥተን ወደየቤታችን ገባን። ጴንጤዎቹ ግን አልገቡም። በየሳምንቱ እየመጡ ውሃ ቀዱላት፣ ጨርቅ እያመጡ አሰፏት፣ ልጁን አስቀምጠው የቤት ሥራ አሠሩት። ሰበብ ባገኘሁ ቁጥር ስሰድባቸው የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን አልክድባቸውም። በመጨረሻ ሙሉዬ የአንገቷን ማተብ አውልቃ መሳቢያ ውስጥ ከተተች። ከዚያ ወዲያ እኔም አበልጅነቴ ቀረና “ጋሽ ገብረወልድ” ሆንኩ። ሰላምታዋ አልጎደለም፤ ጥሩ ነገር ስትሠራ ትልክልናለች፤ መሰለች ስትታመም ቀድማ የምትደርሰው እሷ ናት። ብቻ ያ ስም ቀረ፤ እንዴት እንደሚያንገበግብ ልነግራችሁ አልችልም።

ወደ ገንዳው ልመለስ። ሰንበታ እየተነጫነጨም ቢሆን እጁን አልሰሰተም። ብሎኬቱን አስነሥቶ፣ ፌሮ አስገብቶ፣ የውስጡን ልስን በመዳፉ እየዳበሰ አለሰለሰው። ቱቦውን በጓሮ በኩል ወደ ፓፓያው ዛፍ አወጣው። ሙሉዬ ጠርዙ ሁሉ ክብ እንዲሆን አዘዘች፤ ጨርቅ እንዳይቀድብኝ ነው አለች። ሲደርቅ አናጢ ጠርታ የጣውላ ክዳን አስገጠመችበትና ስድስቱን ሰሃኖች፣ ድስቱን፣ የሳሙና ዕቃውን በላዩ ደረደረች። በር ላይ ቆሞ ለሚያይ ሰው ተራ መደርደሪያ ነው። ሰንበታ የቀረ መሣሪያውን ሊወስድ መጥቶ ያን ሲያይ ራሱን ያዘ።

“ያ ዋቅ! ማጠቢያ አሠርታ ትከድነዋለች፣ ዕቃውን መሬት ላይ በሳፋ ታጥባለች” አለኝ አጥሬ ሥር ቆሞ። “ይቺ ሴትዮ ደህና ናት?”

የቀበሌያችን የሴቶች ማኅበር ሊቀመንበር ወይዘሮ አበባም ወሬው ደርሷት መጣች። ክዳኑን አስነሥታ አየች፣ ዞራ አየች፣ ጎንበስ ብላ አየች። ስለ አቡጀዲው ተነገራት። “ጥሩ ነው፣ ማኅበሩም ይጠቀምበታል” አለችና በማግስቱ ለአብዮት በዓል የሚሰቀለውን ቀይ ጨርቅ በጥቅል ላከች። ሙሉዬ ምን ታደርግ፣ ነከረችው። ቀለሙ ለቀቀና በገንዳው ዙሪያ ቀይ መሥመር ተወ፤ በአሸዋ ብትፈትገው፣ በበረኪና ብታሸው አልሄደም። ከዚያ በኋላ አበባ ተመልሳ አልመጣችም።

ገንዳው ለምን እንደተሠራ የነገረኝ ብዙነህ ራሱ ነው። ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበር፤ ቁመቱ የአባቱን አልፎ በእኔ ቤት በር ጎንበስ ብሎ ነው የሚገባው። ውሸት የማይሆንለት ልጅ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ መጣና ፊት ለፊቴ ቁጭ አለ።

“ጋሼ፣ ከሰው ከሚሰሙ ከእኔ ይስሙ ብዬ ነው። ልጠመቅ ነው።”

“ምን ልትሆን?”

“ልጠመቅ። ቤተ ክርስቲያናችን ከታሸገ ጀምሮ በየቤቱ ነው የምንሰበሰበው፤ ይህን እርስዎም ያውቃሉ። ወንዝ ወርደው የተጠመቁት ተይዘው ታሰሩ። ከዚያ በበርሜል ይሁን ተባለ። እማዬ ደግሞ ‘ልጄን በርሜል ውስጥ አጣጥፌ አልከትም’ አለች።” ሳቀ። “ለሱሪ ነው ብላ ወለል ላይ ቁጭ አድርጋ ከጀርባዬ እስከ እግሬ ጫፍ ለካችኝ። የምን ሱሪ ነው ተቀምጠው የሚለኩት አልኳት።”

ሜትሩን የያዝኩበት እጄ ትዝ አለኝ፤ ሲሚንቶውን የተሸከምኩበት ትከሻዬ ትዝ አለኝ።

“አንተ ተጠምቀሃል እኮ!” አልኩት። “በእነዚህ እጆቼ ነው የተቀበልኩህ። የክርስትና ስምህ ኃይለየሱስ ነው። ስንት ጊዜ ነው የምትጠመቀው?”

“ያኔ ሕፃን ነበርኩ ጋሼ። ምንም አላውቅም። ውሃው እንኳ ትዝ አይለኝም።”

“እኔ ትዝ ይለኛል! ለሁለታችንም ይበቃል!”

ተነሥቶ ጉልበቴን ሳመና ጎንበስ ብሎ በበሩ ወጣ። ከዚያ በኋላ ሙሉዬን ዘጋኋት። በአጥሩ በኩል “እንደምን አደሩ” ስትለኝ የማልሰማ መስዬ አልፍ ነበር። ለቀበሌ ሄዶ መናገር ግን በሐሳቤም አልመጣም። ጠቡ የአበልጅና የአበልጅ ጠብ ነው፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ምን አገባው።

ለጥምቀቱ የቆረጡት ቅዳሜን ነው፤ በገበያ ቀን ማን ገባ ማን ወጣ የሚል የለም። የቧንቧ ውሃ በፈረቃ ነበርና ብዙነህ ከቦኖው በባልዲ እያመላለሰ ገንዳውን ሲሞላ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁት። ሸሚዙ በላብ ጀርባው ላይ ተለጥፏል፤ ያፏጫል። ከዓለም ጤና ከተማ የመጡ ሁለት ወጣቶች የሽንኩርት ጆንያ ተሸክመው እንደ ነጋዴ ገቡ። ከእነሱ ቀጥሎ የሚሰበሰቡበት ቤት ሽማግሌ ወንድም ተክለሃይማኖት መጣ። ስሙን ይዞ ሃይማኖቱን የለወጠ እያልኩ የማማው ሰው ነው፤ በአንድ ትምህርት ቤት ሒሳብ ያስተምራል፤ ሸሚዙ ሁልጊዜ እስከ አንገቱ የተቆለፈ ነው።

እኔ ቤቴ ገብቼ ተቀመጥኩ። መሰለች ምሳ አቀረበች፤ አልበላሁም። ቆየት ብሎ ብዙነህ በጓሮ በኩል መጣና ፊቴ ቆመ። ፀጉሩ ደረቅ ነበር።

“አልተደረገልኝም ጋሼ” አለ።

ነገሩ እንዲህ ሆነ። እነሱ ዘንድ ሰው ከመጠመቁ በፊት በተርታ የሚማረው ትምህርት አለ፤ ያን ሳይጨርስ ውሃ ውስጥ የሚገባ የለም። ብዙነህን ትምህርት ቤቱ ለቡና ለቀማ ዘመቻ በላከው ጊዜ ሁለት ትምህርት አምልጦታል። ሙሉዬ “ይኸው ውሃው፣ ይኸው ልጁ፣ ምን ቀረህ?” ብላ ለመነችው። ተክለሃይማኖት ግን “ሥርዓት ነው፣ እህት ሙሉዬ። ለአንዱ ከላላ ለሁሉም ይላላል። አንድ ወር ቢቆይ ምን ይሆናል?” አላት። ስለዚህ ለብዙነህ ተለክቶ በተሠራው ገንዳ፣ ብዙነህ በቀዳው ውሃ፣ ሁለቱ የዓለም ጤና ልጆች ተጠመቁ። ብዙነህ ፎጣ ያዘላቸው።

“ሁለቱም አጫጭር ናቸው” አለኝ ሊያስቀኝ እየሞከረ። “እግራቸው ጫፉ ጋ አልደረሰም። ይኼን ሁሉ ውሃ በከንቱ ነው የተሸከምኩት።”

እኔስ ደስ አለኝ፤ ምን እደብቃለሁ። ሻይ አስፈልቼለት አብረን ጠጣን። ሲወጣ ግን በአጥሩ በኩል ሙሉዬን አየኋት፤ ከጓሮው ቆማ፣ በቱቦው ወጥቶ ወደ ፓፓያው ሥር የሚሄደውን ውሃ ትመለከታለች። ፊቷን አይቼ ደስታዬ ጠፋ።

ወሩ ሳያልቅ አፈሳው መጣ። የብሔራዊ ውትድርና ኮታ አልሞላም ተብሎ በመናኸሪያው በር ላይ ካሚዮን አቁመው ወጣት የሆነውን ሁሉ ይጭኑ ጀመር። ብዙነህ የቀሩትን ሁለት ትምህርቶች የሚያስተምረው ሰው ወለንጪቲ ስለሆነ ወደዚያ ይመላለስ ነበር። የመጨረሻውን ጨርሶ ከአውቶቡስ ሲወርድ ያዙት። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ነኝ ብሎ መታወቂያውን አወጣ። አንዱ ቁመቱን ከላይ እስከ ታች አይቶ “ይኼን ያህል ቁመት ይዘህ የምን ተማሪ ነህ” አለና ወደ ካሚዮኑ ገፈተረው። አብሮት ከአውቶቡሱ የወረደ የሠፈራችን ሰው ነው ይህን የነገረን።

ከየቦታው የሰበሰቧቸውን በቀበሌው አዳራሽ አጎሯቸው። ሙሉዬ መጀመሪያ የሮጠችው ወደ ተክለሃይማኖት ነው። የተባባሉትን ቃል በቃል የማውቀው ራሷ ስለነገረችኝ ነው፤ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ነግራኛለች።

“ጨርሷል” አለችው። “ሁለቱንም ጨርሷል። ና አጥምቀው።”

“የት ነው የማጠምቀው፣ እህት ሙሉዬ?”

“አዳራሹ አጥር ላይ። በጆግ ውሃ እይዛለሁ።”

“በጆግ አናጠምቅም። አንቺም ታውቂያለሽ። ሰውዬውን ውሃው መሸፈን አለበት። ደግሞስ ዘበኛው ቆሞ እያየ? እኛም እንያዛለን፣ እሱም ይባስ ይጎዳል።”

እውነቱን ነው፤ ቢሄድ ይያዝ ነበር። እሱ አልሄደም፣ እኔ ሄድኩ። ሙሉዬ ደጄ ላይ መጥታ “ጋሽ ገብረወልድ” አለችና ወደ አዳራሹ አቅጣጫ አመለከተችኝ። የባቡር ጣቢያውን ኮፍያዬን አድርጌ፣ አንድ ትልቅ ባለሥልጣን መስዬ፣ እሷን በክንዷ ይዤ በዘበኞቹ መሐል አለፍኩ። ብዙነህ በአዳራሹ የብረት መስኮት ከሌሎቹ ራስ በላይ ራሱ ይታያል። እኛን ሲያይ እየተጋፋ መጣ።

“እማዬ፣ ጨርሻለሁ በያቸው።”

“ነግሬያቸዋለሁ።”

“ስመለስ ነው እንግዲህ። ገንዳውን ጨርቅ እንዳትሞዪብኝ።” ሊስቅ ሞከረ፤ ከንፈሩ እንቢ አለው። ወደ እኔ ዞረ። “ጋሼ፣ እማዬን አደራ።”

በብረቱ መሐል እጄን አስገባሁ። ራሱን ዝቅ አደረገልኝ። በግንባሩ ላይ አማተብኩበት፤ ራሱን አላሸሸም። “ኃይለየሱስ” አልኩት። ከታቦት ፊት ከተሰጠው ጀምሮ ማንም የማይጠራው ስም ነው። “አቤት” አለኝ። ዘበኛው ከዚያ በላይ አላስቆመንም።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። መጀመሪያ ከማሠልጠኛው፣ ኋላ ከሰሜን፣ ቆስለው በተመለሱ ልጆች አፍ ሁለት ጊዜ ሰላምታ ደረሰን። ሙሉዬ ገንዳውን ለሰዎቿ አልከለከለችም። ከመቂም፣ ከሞጆም፣ ከዓለም ጤናም እየመጡ ተጠመቁበት። እሷ ፎጣ ትይዛለች፤ ከወጡ በኋላ ውሃውን አፍስሳ ገንዳውን ትፈትጋለች፣ በደረቅ ጨርቅ ትወለውላለች፣ ክዳኑን ትመልሳለች። አንዲት ሰሃን እንኳ አጥባበት አታውቅም። ዕቃዋን መሬት ላይ ባለች ሳፋ ጎንበስ ብላ ታጥባለች፤ ወገቧ ሰንበታ ካለው ዕድሜ ቀድሞ ተበላሸ። መሰለች “ምናለ ከዚያ ከገንዳሽ ብታጥቢ፣ ቢያንስ ተቀምጠሽ” ብትላት፣ “ለብዙነህ ነው፣ እስኪመጣ ንጹሕ ይሁን” አለቻት።

አብረው የሄዱት አንዳንዶቹ ተመለሱ። ከፊሉ እግሩን ትቶ፣ ከፊሉ ዓይኑን ትቶ። ሙሉዬ እያንዳንዱን ቤቱ ድረስ ሄዳ ጠየቀች፤ ከመጠየቋም በፊት ፊታቸውን አዙረው የሚያለቅሱ ነበሩ።

አንድ ቀን የቀበሌው ጸሐፊ እኔን አስጠራኝ። እሷን አይደለም። “እርስዎ አበልጅ ነዎት አሉ” አለኝ። አበልጅነቴን ቀበሌም ያውቀዋል ማለት ነው። ልጁ ግዳጁን ሲወጣ ተሰውቷል አለኝ፤ የት እንደሆነ፣ መቼ እንደሆነ፣ ተቀብሮ ይሁን ወድቆ ቀርቶ አልነገረኝም። መቀመጫ እንኳ አልሰጠኝም። በማግስቱ በማለዳ እኔና መሰለች የሠፈሩን ሰው ይዘን ሄድን። ሙሉዬ ከማድ ቤት ወጣች፤ ነጠላችንን ዘቅዝቀን ስታየን የያዘችው ሳፋ ከእጇ ወደቀ። ስለዚያ ቀን ሌላ አልጽፍም።

ሰዎቿ ለማጽናናት መጡ። ጥሩ አጽናንተዋታል። ተክለሃይማኖትም መጣ። በመሐሉ ታስሮ ተፈቶ ነበር፤ ያ የሚቆለፈው ሸሚዝ አንገቱ ላይ ሰፍቶታል። አጠገቧ ተቀምጦ ብዙ ካለቀሰ በኋላ እንዲህ አላት፦

“እህት ሙሉዬ፣ አትሸበሪ። ልጁ አምኗል። የሚያድነው እምነቱ ነው እንጂ ውሃው አይደለም፤ ውሃው ምልክት ነው።”

ሙሉዬ ቀና አለች። “ምልክት ብቻ ነበር?”

“አዎን እህቴ።”

“ታዲያ ምልክቱን ነው የከለከልከው?”

ቤቱ ሙሉ ሰው ነበር። እስር ቤት ውስጥ ብዙ ነገር ችሎ የወጣ ሰው ነው ይሉታል፤ እኔም አምናለሁ። ያቺን ጥያቄ ግን አልቻላትም፣ ፊቱን በመሐረብ ሸፍኖ ወጣ። ለስንት ዓመት ያማሁት ሰው ነበር፤ ያን ቀን አሳዘነኝ።

ለቀስተኛው ሁሉ ከተበተነ በኋላ፣ ከቀትር በኋላ ባለው ፀጥታ፣ ሙሉዬ በጓሮ በኩል እኔ ቤት መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ባዶ እግሯን ናት። በር ላይ ቆመች።

“አበልጄ” አለችኝ።

ብድግ አልኩ። ከስንት ዓመት በኋላ ነው።

“የዚያን ዕለት፣ የአርባ ቀኑ፣ እኔ ተኝቼ ነበር። አላየሁም። ሲደረግለት ያዩት እርስዎ ነዎት።” ቃላቱን አንድ በአንድ ነው የምታወጣው። “ረጩት ወይስ ነከሩት?”

“ነከሩት። ሦስት ጊዜ።”

“ራሱንም?”

“ራሱንም። ውሃው ከላይ ገጠመበት። ሲያወጡት ቤተ ክርስቲያኑን በጩኸት አናጋው። ቄሱ ሳቁ።”

“ሸፈነው?”

“ሸፈነው፣ ሙሉዬ። ምኑም አልቀረም።”

“በምን ውስጥ ነበር?”

“በአንዲት የመዳብ ሳፋ። ትንሽ ናት። ለእሱ ግን በቃችው።”

ደጃፌ ላይ ቁጭ አለች። መሰለች መጥታ ከጎኗ ተቀመጠች። ከዚህች ሴት ጋር ስለዚህ ጉዳይ በልቤ ስንት ዓመት ስከራከር ኖሬያለሁ፤ መልሴንም አሳምሬ አዘጋጅቼ ነበር። አሸነፍኩ እንዳልል ልጁ የለም። ቁጭ ብዬ አብሬያት አለቀስኩ።

ከሰባት ቀን በኋላ ሰንበታን አስጠራችው። ያው ሜትሩን ይዞ መጣ፤ አርጅቷል፣ አንዱ ዓይኑ ደክሟል። ልጁ መሞቱን ያውቃል፤ ገንዳው ለምን እንደነበር ግን እስከ ዛሬ የነገረው የለም። ገብቶ ክዳኑን አነሣ። ቀይ መሥመሩ ያው እንዳለ ነው።

“አፍርሰው” አለችው። “በምትኩ ማጠቢያ ሥራልኝ።”

“የት ላድርገው?”

“ከመስኮቱ ሥር።”

“ከፍታው?”

“እስከ ዳሌዬ።”

የሰንበታ ፊት በራ፤ ኀዘን ቤት መሆኑ ትዝ ሲለው መልሶ ሰበሰበው። “ጥሩ። ስፋቱስ ምን ያህል ይሁን?”

ሙሉዬ ዞራ እኔን አየችኝ። ምን እንደፈለገች ገባኝ። ሁለት እጆቼን ወደፊት ዘረጋሁ፣ ቄሱ ሕፃኑን ከውሃው አውጥተው ሲሰጡኝ እንደያዝኩት አድርጌ፣ አንዱን ከራሱ ሥር፣ አንዱን ከእግሩ ሥር። “ይህን ያህል ነበር” አልኩ።

ሰንበታ ምን እንደሚያይ ሳያውቅ ቀረበና ሜትሩን ከአንዱ መዳፌ እስከ ሌላው ዘረጋ። ቁጥሩን አየ፣ ሁለተኛ ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ።

“አትቀየሚኝና ሙሉዬ” አላት፣ “ይኼ እኮ ያኔ መጀመሪያ የነገርኩሽ ልክ ነው። ያኔ ብትሰሚኝ ኖሮ ይኼ ሁሉ ድካም ምን አመጣው?”

“ያኔ ልጄ ትልቅ ነበር፣ ሰንበታ” አለችው።